እንከን የሚመርጥ ጆሮ

በጆኒ ካሽ «አይ ዎክ ዘ ላይን» ውስጥ ድራም የለም። ዘፈኑን ለዓመታት የሚያውቅ ሰው እንኳ ይህን ሲነግሩት ይጠራጠራል፤ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከድምፁ ሥር ደረቅና የታፈነ ምት ያለማቋረጥ ይሰማልና። ያ ምት የወረቀት ድምፅ ነው። ካሽ ቁራጭ ወረቀት አጥፎ በጊታሩ ክሮች መካከል፣ አንዱን ክር ከላይ ሌላውን ከሥር እያሳለፈ ሰክቶታል። ወረቀቱ ክሮቹን ስለሚይዛቸው እጁ ሲመታቸው ዜማቸው ታፍኖ ምታቸው ብቻ ይወጣል። በዚያን ዘመን የካንትሪ ሙዚቃ ሰዎች ድራምን በበጎ ዓይን አያዩም ነበር። ካሽ ግን የስኔር ድራምን ድምፅ ይወድ ነበር፤ ስለዚህ ከራሱ ጊታር አወጣው።

የበገና ደርዳሪ ለዚህ ማብራሪያ አያሻውም። በገና ያን የሚነዝር ድምፁን የሚያገኘው በአውታሩና በብርኩማው መካከል ከምትገባው እንዚራ ከምትባል ቁራጭ ቆዳ ነው፤ ቆዳዋ ከቦታዋ ጥቂት ፈቀቅ ካለች ነዘራው ይጠፋል። የካሽ ወረቀትም ልክ አላት። ከጠበቀች የጊታሩ ድምፅ ጨርሶ ይሞታል፤ ከላላች ክሮቹ ያመልጡና ምቱ ይበተናል። ቅጂውን በጥሩ የጆሮ ማዳመጫ ለሚሰማ ሰው ግን ወረቀቷ አልጠበቀችም አልላላችም። ከደረቁ ምት ሥር የኮርዱ ጥላ ይሰማል፤ የትኛው ኮርድ እንደተያዘ ለማወቅ የሚበቃ ያህል፣ ከዚያም አይበልጥም። እኔ በዚህ ዘፈን ውስጥ መጀመሪያ የማደንቀው ይህን ልክ ነው።

ቅጂው የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1956 ሚያዝያ መጀመሪያ፣ ቴነሲ ውስጥ በሜምፊስ ከተማ፣ በዩኒየን ጎዳና ቁጥር 706 በሚገኘው የሰን ስቱዲዮ ነው። ካሽ 24 ዓመቱ ነበር። አርካንሳስ ውስጥ በጥጥ እርሻ ያደገ፣ በአሜሪካ አየር ኃይል አገልግሎ ከጀርመን የተመለሰ ወጣት ነው። ጀርመን ላንድስበርግ ሳለ ሥራው የሶቪየቶችን የሞርስ መልእክት በሬዲዮ እየጠለፈ መጻፍ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ከጩኸት መካከል አጭሩንና ረጅሙን ምት መለየት ማለት ነው። እዚያው ሳለ በገዛው የቴፕ መቅረጫ ላይ ቴፑ ተገልብጦ ገብቶ ኖሮ፣ ሲያስጀምረው የጊታር ኮርዶች ወደ ኋላ እየተጎተቱ ሲሄዱ ሰማ። ሌላ ሰው ቢሆን ቴፑን አስተካክሎ ይረሳዋል። ካሽ ግን ያ እንግዳ አካሄድ ከአእምሮው አልወጣለትም፤ ኋላ የዚህ ዘፈን ዜማ መነሻ ከዚያ መሆኑን ተናግሯል።

አብረውት የተጫወቱት ሁለቱ ሰዎች፣ ሉተር ፐርኪንስና ማርሻል ግራንት፣ ሜምፊስ ውስጥ በአንድ የመኪና ድርጅት የሚሠሩ መካኒኮች ነበሩ። ከካሽ ጋር ያገናኛቸው እዚያው የሚሠራው የካሽ ወንድም ሮይ ነው። መጀመሪያ ሦስቱም ጊታር ነበር የሚጫወቱት። ሦስት ጊታር አይሆንም ተባባሉና ፐርኪንስ የኤሌክትሪክ ጊታር ያዘ፤ ግራንት ደግሞ ቆመው የሚጫወቱትን ትልቁን ቤዝ አነሣ፣ ከዚያ በፊት ነክቶት የማያውቀውን። የትኛው ድምፅ የት እንዳለ እንዳይጠፋበት በቤዙ አንገት ላይ ምልክት ለጠፈ። ፐርኪንስም ጣቶቹ ፈጣን አልነበሩም። አንድ ድምፅ፣ ከዚያ ሌላ ድምፅ፣ ከዚያ ሌላ ይመታል፤ ቀኝ መዳፉን ክሮቹ ላይ አሳርፎ ያፍናቸዋል።

ስለ እነዚህ ሰዎች ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚባል ነገር አለ፤ እንዲህ የተጫወቱት ሌላ ስለማያውቁ ነው ይባላል። ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ የሚገኘው ቅጂውን በማዳመጥ ነው። ፐርኪንስ በወፍራሞቹ ክሮች ላይ የሚወርድበትንና የሚወጣበትን መንገድ ድምፅ በድምፅ ተከተሉት። የእያንዳንዱ ድምፅ ክብደት እኩል ነው፤ ርዝመቱም እኩል ነው፤ አንዱም ከሌላው ቀድሞ አይሮጥም። ችሎታ ያነሰው ሰው ድክመቱን ለመሸፈን ይጣደፋል፣ ወይም ጌጥ ይጨምራል። ፐርኪንስ አንዱንም አላደረገም። የሚያውቃቸውን ጥቂት ድምፆች ልክ በየቦታቸው አስቀመጣቸው። ሥሩ የግራንት ቤዝ አለ፣ መካከሉ የካሽ ወረቀት፣ ላዩ የፐርኪንስ ክር። አንዱ የሌላውን ቦታ ስለማይረግጥ ሦስት ሰው ብቻ መሆኑን ጆሮ ይረሳዋል። ከዚያ ወዲህ በጣም የሠለጠኑ ጊታሪስቶች ይህን አጨዋወት ሊደግሙት ሲሞክሩ ሰምቻለሁ፤ ድምፆቹን ያገኟቸዋል፣ ትዕግሥቱ ግን ብዙዎቹን ያመልጣቸዋል።

ወደ ዘፈኑ አሠራር እንግባ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ሥራ ያለው እዚያ ነው።

ዘፈኑ አምስት አንጓ አለው፤ ሙዚቀኞች ኪይ የሚሉት፣ ዜማው የሚቆምበት መነሻ ድምፅ፣ በየአንጓው ይለወጣል። የመጀመሪያው አንጓ በኤፍ ነው። ሁለተኛው ወደ ቢ ፍላት ይሻገራል፤ ሦስተኛው ወደ ኢ ፍላት። አራተኛው ወደ ቢ ፍላት ይመለሳል፤ አምስተኛው ወደ ኤፍ። ከአንዱ ወደ አንዱ ያለው ርቀት ሁልጊዜ እኩል ነው። ሁለት እርምጃ ሄዶ፣ ያንኑ ሁለት እርምጃ በዚያው መንገድ ይመለሳል። በዚያ ዘመን በሬዲዮ ይሰማ የነበረ የካንትሪ ዘፈን አብዛኛው በአንድ ኪይ ተጀምሮ በዚያው የሚያልቅ ነበር፤ ቢለውጥም አንድ ጊዜ፣ ወደ መጨረሻው ስሜት ለመጨመር ነው። አምስት አንጓ በሦስት ኪይ አዙሮ መመለስ ከአንድ ወጣት ደራሲ የሚጠበቅ አልነበረም።

የመጨረሻው አንጓ የመጀመሪያውን ግጥም ይደግማል፤ ካሽ ግን አንድ ኦክታቭ አውርዶ ነው የሚዘፍነው። ግጥሙ ያው፣ ዜማው ያው፣ ኪዩም ያው፤ ድምፁ ግን ወደ ደረቱ ታች ገብቷል። ዘፈኑ ለወጣት ባለቤቱ የተጻፈ የታማኝነት ቃል ነው፤ በየከተማው እየዞረ ሲዘፍን እንደማይሳሳት የሚገባላት ቃል። እንግዲህ አሠራሩን ከትርጉሙ ጋር አስተያዩት። ግጥሙ ከመስመር አልወጣም ይላል፤ ዜማው ግን ይወጣል፣ ይርቃል፣ ከዚያ ይመለሳል። ሲመለስም ቃሉን መጀመሪያ የሰጠው ወጣት ሳይሆን ጠልቆ የሚናገር ሰው ሆኖ ነው የሚመለሰው። ይህን አንድም የግጥም መስመር አያብራራልንም፤ ሥራውን የሠሩት ኪዮቹና ኦክታቩ ናቸው።

ሌላም አለ። እያንዳንዱ አንጓ የሚጀምረው ከመነሻው ኮርድ አይደለም፤ ወደ መነሻው ከሚገፋው ከአምስተኛው ኮርድ ነው። ስለዚህ ዘፋኙ አፉን ሲከፍት መሬቱ ገና አልረጋም፤ ሐረጉ ሲያልቅ ነው የሚረጋው። በዚህ ላይ ኪዩ በየአንጓው ስለሚለወጥ ካሽ ራሱ ድምፁን መያዣ ያስፈልገው ነበር። ለዚያ ነው ከየአንጓው በፊት አፉን ዘግቶ አዲሱን መነሻ ድምፅ ረዘም አድርጎ የሚያንጎራጉረው። ሰዎች ለምን እንደሚያንጎራጉር ሲጠይቁት ድምፁን ለመያዝ እንደሆነ መልሷል። ሌላ ዘፋኝ ይህን በልምምድ ጊዜ አድርጎ በቅጂው ላይ ያጠፋው ነበር። እዚህ መለኪያው ራሱ የሥራው አካል ሆኖ ቀርቷል፤ ዛሬ ያ እንጉርጉሮ ቢወጣ ዘፈኑ ባዶ ይሆናል።

ካሽ ይህን ሁሉ ሲያዘጋጅ በልቡ የነበረው ቀስ ያለ ዘፈን ነበር። ፈጠን ብሎ እንዲሞከር የጠየቀው የስቱዲዮው ባለቤት ሳም ፊሊፕስ ነው፤ ያወጣውም ፈጣኑን ቅጂ ነው። ካሽ ፍሎሪዳ ውስጥ ሳለ በሬዲዮ ሰማው፤ አልወደደውም፤ ቅጂውን ወደ ጣቢያዎች መላክ እንዲያቆም ፊሊፕስን ለመነው። ፊሊፕስ ትንሽ እንጠብቅ አለው። ዘፈኑ በካንትሪ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ በፖፕ ሰንጠረዥም 17ኛ ደረጃ ደረሰ። ቀርፋፋው ቅጂም ተቀምጦ ኖሮ ኋላ ታትሟል። ሁለቱን አጎራብቶ የሰማ ሰው ፊሊፕስ የሰማውን ይሰማል። በቀርፋፋው ቅጂ ቃሉ ኀዘን ይሆናል። በፈጣኑ የወረቀቱ ምት ሰውየውን ከኋላው ስለሚገፋው፣ እየተገፋም ቀጥ ብሎ ስለሚሄድ፣ ቃሉ ቃል ሆኖ ይቆማል። ደራሲው ራሱ ያልሰማውን ሌላ ሰው ሰማለት።

ፊሊፕስ ይህን ጆሮ ያዳበረው በካሽ አልነበረም። ከአላባማ የመጣ የሬዲዮ ባለሙያ ነው፤ ያቺን ባለ አንድ ክፍል ስቱዲዮ የከፈታት በ1950 ነው። በ1951 መጋቢት ከሚሲሲፒ የአይክ ተርነር ባንድ ሊቀረጽ ሲመጣ የጊታሪስቱ የዊሊ ኪዛርት አምፕሊፋየር በመንገድ ላይ ተጎድቶ ደረሰ። የስፒከሩ ወረቀት ተቀዷል፤ ድምፁ ይንኮሻኮሻል። ለማስጠገን ጊዜ አልነበረም። ፊሊፕስ ወረቀት ጠቅጥቆ በስፒከሩ ውስጥ ከተተና አስጀምረው አለ። የወጣው ድምፅ ሻካራና ወፍራም ሆነ፤ ከሩቅ ለሚሰማው ሳክስፎን ይመስላል። ፊሊፕስ ያንን ድምፅ ከኋላ ሊደብቀው ይችል ነበር፤ እሱ ግን ወደ ፊት አመጣው። «ሮኬት 88» የሚባለው ይህ ዘፈን በጃኪ ብሬንስተን ስም ወጥቶ በሪትም ኤንድ ብሉዝ ሰንጠረዥ አንደኛ ሆነ፤ የመጀመሪያው የሮክ ቅጂ እሱ ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። በመጀመሪያነት መከራከር አልወድም። የሚገርመኝ ሌላ ነው፤ በአንዲት ክፍል ውስጥ በአምስት ዓመት ልዩነት ሁለት ወረቀቶች፣ አንዱ በስፒከር ውስጥ አንዱ በጊታር ክር መካከል፣ አንዱ ለጥቁሮቹ የሮክ መነሻ አንዱ ለነጮቹ ካንትሪ፣ ሁለቱም በአንድ ሰው ጆሮ ሥር አለፉ።

በእነዚህ በሁለቱ መካከል፣ በ1954 ሐምሌ፣ ኤልቪስ ፕሪስሊ አለ። የእሱ ታሪክ ብዙ ተጽፏልና አልፈዋለሁ፤ አንድ ነገር ብቻ ልጥቀስ። የመጀመሪያው ሸክላው በአንዱ ገጽ የአርተር ክሩዳፕ ብሉዝ፣ በሌላው ገጽ የቢል ሞንሮ የካንትሪ ዘፈን ነበረው፤ እዚያም ድራም የለም። ምቱን የሚሰጠው ቤዝ ተጫዋቹ ቢል ብላክ የቤዙን ክር እየሳበ ከእንጨቱ ጋር ሲያጋጨው ነው። ፊሊፕስ በኤልቪስ ድምፅ ላይ ያኖረው ማሚቶም የተሠራው ከሁለት የቴፕ መቅረጫዎች ነው። ድምፁ በሁለተኛው ማሽን ላይ ተቀርጾ ከመቅረጫው ነጥብ ትንሽ ራቅ ብሎ ካለው ማንበቢያ ነጥብ እስኪደርስ ከአንድ ሰከንድ አንድ አምስተኛ ያነሰ ጊዜ ይወስዳል፤ ያ መዘግየት ነው ተመልሶ ከዋናው ድምፅ ጋር የሚቀላቀለው። ስቱዲዮዋ ጠባብ ክፍል ናት፤ ፊሊፕስ ሰፊ አዳራሽ ለማስመሰል ግን አልሞከረም። ማሚቶው አጭር ስለሆነ ጥበቷ ራሱ ይሰማል።

ኬኒ ሮጀርስን፣ ጂም ሪቭስንና ዶሊ ፓርተንን በአዲስ አበባ ታክሲና ካፌ እየሰማ ያደገ አንባቢ ይህ ሻካራ ድምፅ ካንትሪ አይመስለው ይሆናል። የእነ ሪቭስ ለስላሳ ድምፅ የተወለደው ሌላ ከተማ ነው፤ ናሽቪል፣ ሙዚቀኞቹ በጣም የሠለጠኑበት፣ ስቱዲዮዎቹም የተደራጁበት። እዚያ በ16ኛው ጎዳና ደቡብ ኦውን ብራድሊ የሚባል ፒያኒስትና አዘጋጅ ጣሪያው እንደ ቅስት የጎበጠ ወታደራዊ የቆርቆሮ መጋዘን ገዝቶ ስቱዲዮ አድርጎት ነበር። ሰዎች በመጋዘኑ ዓይነት ኳንሴት ሃት ይሉታል። በዚህ ቤት ውስጥ በአንድ ዓመት ገደማ ልዩነት በተሠሩ ሁለት ቅጂዎች ላይ የተወሰኑ ሁለት ውሳኔዎች አሉ፤ ስለ ሥራ ጥራት ሳስብ ደጋግሜ የምመለሰው ወደ እነሱ ነው።

የመጀመሪያው የማርቲ ሮቢንስ «ዶንት ዎሪ» ነው። በ1960 ሲቀረጽ ግሬዲ ማርቲን ባለ ስድስት ክር ቤዝ ይጫወት ነበር። ማርቲን በከተማው ካሉት ሁሉ ከሚፈለጉት ጊታሪስቶች አንዱ ነው፤ እጁ አይስትም። ያን ቀን የሳተው የመቅረጫው ሚክሰር ነው። የእሱ ድምፅ የሚያልፍበት መስመር ትራንስፎርመሩ ተበላሽቶ ኖሮ፣ ዘፈኑ መካከል ላይ ሶሎው ሲደርስ ከለስላሳው ፒያኖና ከሮቢንስ ንጹሕ ድምፅ መሀል የሚያጓራ፣ የተቀደደ ድምፅ ወጣ። ድጋሚ ይቀረጽ ወይስ ይተው የሚል ጥያቄ ተነሣ። እንዲተው ተወሰነ፤ ዘፈኑም በካንትሪ ሰንጠረዥ ለ10 ሳምንት አንደኛ ሆኖ ቆየ። ሌሎችም ያንኑ ድምፅ እየጠየቁ ሲመጡ ዕቃው ጨርሶ ሞቶ ነበርና የድምፅ መሐንዲሱ ግሌን ስኖዲ ብልሽቱን አጥንቶ በትራንዚስተር የሚሠራ ትንሽ ሳጥን ሠራለት። ጊብሰን ኩባንያ ሳጥኑን በ1962 ማስትሮ ፈዝ ቶን ብሎ ለገበያ አወጣው። ኪት ሪቻርድስ በ1965 በሮሊንግ ስቶንስ «ሳቲስፋክሽን» መግቢያ ላይ የረገጠው እሱን ነው። ሪቻርድስ ያንን መስመር ለጊዜው ነበር የተጫወተው፤ ኋላ በነፋስ መሣሪያዎች ሊተካው አስቦ። ባልደረቦቹ እንዳለ ይውጣ አሉ። ከናሽቪል የካንትሪ ሚክሰር ብልሽት የተነሣ ድምፅ የሮክ ዋና መሣሪያ የሆነው እንዲህ ነው።

በ«ዶንት ዎሪ» ግን ድምፁን ያተረፈው ብልሽቱ ብቻ አይደለም። ማርቲን የሚጫወተውን ስሙ። ሶሎው ዜማውን ይዞ በቀስታ ይሄዳል፤ ጥቂት ድምፆች፣ በመካከላቸውም ሰፊ ቦታ። ፈጣን ነገር ተጫውቶ ቢሆን ኖሮ ያ የተቀደደ ድምፅ ድምፆቹን አደባልቆ ጩኸት ያደርጋቸው ነበር። ሰፋ አድርጎ ስለተጫወተ እያንዳንዱ ድምፅ ጀምሮ፣ አጓርቶ፣ እስኪያልቅ ይሰማል። በዘፈኑ መጨረሻ ለአፍታ ተመልሶ ይመጣል፤ ያ አጭር መመለስ የመጀመሪያው ድንገተኛ ነገር በሥራው ውስጥ ቦታ እንዳለው ያረጋግጣል።

ሁለተኛው ውሳኔ የዚህ ተቃራኒ ነው። ዘፋኟ ፓትሲ ክላይን በ1961 ሰኔ ናሽቪል ውስጥ ከባድ የመኪና አደጋ ደርሶባት ነበር። ነሐሴ 21 ቀን ወደ ብራድሊ ስቱዲዮ መጥታ «ክሬዚ»ን ለመቅረጽ ስትሞክር የጎድን አጥንቷ ገና አልዳነም፤ ረጅሙንና ከፍ ያለውን ድምፅ ለመያዝ ትንፋሽ ስትስብ ሕመሙ ያቆማታል። ዘፈኑ የወጣቱ የዊሊ ኔልሰን ድርሰት ነው፤ ዜማው ሩቅ ይዘላል፤ ኔልሰን ራሱ ከምቱ ወደ ኋላ እየቀረ የሚዘፍን ሰው ስለሆነ አካሄዱ መጀመሪያ ላይ አስቸግሯታል። በዚያን ጊዜ በናሽቪል ልማድ በሦስት ሰዓት አራት ዘፈን ይቀረጻል። ያን ቀን አራት ሰዓት ለአንድ ዘፈን ሄደ፤ የእሷም ድምፅ አልተሳካም።

አንድ ሰው ያንን የታመመ ድምፅ ሊያወጣው ይችል ነበር። ስሜት አለው፣ እውነት አለው ብሎ መሸጥም ይቻል ነበር። ብራድሊ እንከኑን አልተቀበለም። የባንዱን ቅጂ ብቻ አስቀመጠና ሄዳ እንድታገግም አደረገ። ኋላ ተመልሳ በተቀረጸው ሙዚቃ ላይ በአንድ ሙከራ ዘፈነችው። ይህ ዛሬ የተለመደ ነው፤ በዚያ ዘመን ግን ዘፋኝና ባንድ በአንድ ክፍል በአንድ ጊዜ ነበር የሚቀረጹት። የኪዛርት ስፒከርና የማርቲን ሚክሰር ለዘፈኑ የሚሰጡት ነገር ነበራቸው። የክላይን ሕመም ግን ዘፈኑ የሚቆምበትን ነገር ይወስድበታል፤ «ክሬዚ» ሙሉ ትንፋሽ ከሌለው የለም። ስለ ብልሽት ውበት ብዙ የሚጻፈው ይህን ልዩነት ስለሚዘለው ነው አብዛኛው የማያሳምነኝ።

በመጨረሻው ቅጂ ላይ ክላይን ከምቱ ትንሽ ዘግይታ ትገባለች፤ ቃሉን ትስበዋለች፣ ሐረጉ ሊያመልጣት ነው ሲባል ትደርስበታለች። በእያንዳንዱ ሐረግ መጨረሻ የፍሎይድ ክሬመር ፒያኖ ከበታቿ ይመልስላታል፤ ጥቂት ድምፅ ጣል ያደርግና ዝም ይላል። ክሬመር ይህን ሲጫወት የሰማው እየታመመች የምትሞክር ዘፋኝ ነው፤ ዛሬ እኛ የምንሰማውን ድምፅ አልነበረም። ሆኖም ምን ያህል ቦታ እንደምትፈልግ ገምቶ፣ ያንኑ ያህል ትቶላታል።